ለሌቨር ጠመንጃ የአደን ጥይት በቤት መሙላት፦ ከልምዴ

የራሱን ጥይት መሙላት (የተተኮሰን ባዶ ቀለህ በአዲስ ባሩድና አረር መልሶ ጥይት ማድረግ) የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። "ከፋብሪካው ጥይት ምን ያህል ላስበልጠው እችላለሁ?" ይላል። ለሌቨር አክሽን ጠመንጃ (ቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታችና ወደ ላይ እያንቀሳቀሱ ጥይት ለሚያጎርሱት) ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። መጀመሪያ ጥይቱ ሳይነክስ ይጉረስ። ቀጥሎ፣ በብርድ ጠዋት ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ተኩስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይምታ። ከዚያ አረሩ አጋዘኑን ሳያሰቃይ ይጣለው፤ ሥጋውንም አያበላሽ። እነዚህ ከተሟሉ ፍጥነቱ በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የማድነው ወደ ምዕራብ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆን አልፎ ባለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አጋዘን ከ100 ያርድ በላይ ርቆ የሚታይበት ቦታ ብዙ የለም። ጠመንጃዬ ማርሊን 336 ሲሆን፣ የሚተኩሰው አሜሪካኖቹ ሰርቲ ሰርቲ የሚሉትን 30-30 ጥይት ነው። ማርሊን ይህን ሞዴል ያወጣው በ1948 ነው። ጥይቱ ግን ከጠመንጃው በጣም ይቀድማል። ዊንቸስተር በ1895 ያወጣው ጆን ብራውኒንግ ለነደፈው ለ1894ቱ ሞዴል ነበር። ያኔ ጭስ አልባ ባሩድ ለአሜሪካ አዳኝ አዲስ ነገር ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛልና። አሜሪካ ውስጥ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት ለመሙላት የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም። ለመሸጥ ከሆነ ግን ፈቃድ ግድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሕግ ክልከላ ከሌለበት መሣሪያና ጥይት መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን በመሠረቱ ተከልክሏል። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ሰው ጠበቃ ሳያማክር በእጁ ባይነካው ይሻለዋል፤ አንድ ጥይት ብሎ መኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። የየስቴቱ የአደን ሕግም አለ። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን የሚታደንበት ጠመንጃ ከ0.23 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች) ማነስ የለበትም። ለአጋዘን አደን ጠመንጃ ጨርሶ የማይፈቅዱ ካውንቲዎችም አሉ። እኔ የምጽፈው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለምትኖሩ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በ2020 እና 2021 ጥይት ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ነው። መደርደሪያው ባዶ ነበር። 30-30 ደግሞ ፋብሪካዎቹ ቅድሚያ ከሚሰጧቸው ጥይቶች ውስጥ አልነበረም። ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት አሉኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥይት ሲሞሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ባዶ ቀለሆቼን እንዳልጥል የነገሩኝም፣ ጋራዣቸው ውስጥ አስቀምጠው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ማንም ጀማሪ እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኝ እመክራለሁ። መጽሐፍ ግድ ነው፤ ግን እጃችሁን የሚያይ ልምድ ያለው ሰው ሌላ ነገር ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ቀለህ ብቻ የሚሠራ ጠንካራ ፕሬስ፣ ለ30-30 የተሠሩ ዳዮች (ፕሬሱ ላይ ገብተው ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሱና አረሩን የሚያስቀምጡ የብረት ቅርጾች)፣ ጥሩ ሚዛን፣ ርዝመት በትክክል የሚለካ ካሊፐር፣ የቀለህ አፍ መቁረጫ፣ የቀለህ ቅባት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። በዚህ ላይ የአረሩ ፋብሪካ ያወጣው የመሙያ መጽሐፍ። ቶሎ ቶሎ የሚሞላውን ባለብዙ ጣቢያ ፕሬስ ለጀማሪ አልመክርም። ለአደን የሚያስፈልጋችሁ ጥይት በዓመት ጥቂት ነው። እየዘገዩ እያንዳንዱን በዓይን ማየት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ውሳኔ የአረሩ ዓይነት ነው፤ ይህንን የሚወስነው ደግሞ ካዝናው ነው። የማርሊን 336 ካዝና ከበርሜሉ ሥር የተዘረጋ ቱቦ ነው። ጥይቶቹ እዚያ ውስጥ በሰልፍ ይተኛሉ፤ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛው ጥይት ቂጥ ላይ ያርፋል። ያ ቂጥ ላይ ደግሞ ፕራይመር አለ፤ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሹ ቆብ። አረሩ ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲረግጥ ያ ሹል ጫፍ ፕራይመሩን ሊመታውና ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ግራ እጃችሁ በዚያን ጊዜ ያለው ቱቦው ላይ ነው። ስለዚህ ለቱቦ ካዝና ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ አረር ይገዛል። ሆርናዲ የሚሠራው፣ ጫፉ ለስላሳ ፕላስቲክ የሆነና በተለይ ለዚህ ካዝና የተነደፈ አረርም አለ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ሹል አረር፣ ዲያሜትሩ ተመሳሳይ 0.308 ኢንች ቢሆንም፣ አትንኩት።

ሹሉን የምትተዉበት ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ለፈጣን ጥይቶች የተሠራ አረር ገላው ጠንካራ ነው። በ30-30 ፍጥነት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ላይከፈት ይችላል። እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይጠፋል። ለ30-30 ተብሎ የተሠራው አረር ግን በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲከፈት ተደርጎ ነው የሚሠራው። የተለመዱት ክብደቶች 150 እና 170 ግሬን ናቸው። ግሬን በጣም ትንሽ መለኪያ ነው፤ 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል። የባሩድም ሚዛን በዚሁ ነው።

እኔ የጀመርኩት በ170 ግሬን ነው። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ክብደት የሚጽፉት ፍጥነት በሰከንድ 2,200 ጫማ ገደማ ነው። በ100 ያርድ ላይ ካስተካከላችሁት፣ በ150 ያርድ 3 ኢንች ገደማ ይወርዳል። በ200 ያርድ ከ8 ኢንች በላይ ይወርዳል። እንደ እኔ ከሆነ ከ150 ያርድ በላይ ባለው አጋዘን ላይ በዚህ ጠመንጃ አልተኩስም። ይህን ወሰን ጥይት መሙላት ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። ርቀቱ ከታወቀ የምትፈልጉት ፍጥነትም ይታወቃል።

ቀጥሎ ቀለሁ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። አገር ቤት ቤልጅግ የምንለው የሞዘር ጠመንጃ መቀርቀሪያው የሚቆልፈው ከፊት፣ ከጥይቱ አጠገብ ነው። የማርሊኑ መቀርቀሪያ ግን የሚቆለፈው ከኋላ በኩል ነው። ሲተኮስ ብረቱ በጣም ጥቂት ይለጠጣል፤ ቀለሁም አብሮ ይለጠጣል። በላዩ ላይ 30-30 ጥይት ጓዳው ውስጥ (በርሜሉ መነሻ ላይ ጥይቱ የሚተኮስበት ቦታ) የሚያዘው ቂጡ ላይ ባለው ወጣ ያለ ጠርዝ ነው። ዳዩ የቀለሁን ትከሻ፣ ከአንገቱ ሥር የሚሰፋውን ክፍል፣ በየጊዜው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከገፋው፣ በየተኩሱ ናሱ ተስቦ ከቂጡ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ይሳሳል። አንድ ቀን እዚያው ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ አድርጉና ጫፉን ትንሽ ቆልምሙት። ቀለሁ ውስጥ አስገብታችሁ የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ዳስሱ። ሽቦው ጎድጓዳ መስመር ላይ ገብቶ ከያዛችሁ ያ ቀለህ አብቅቶለታል። በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት፤ ተመልሶ ከጥሩዎቹ ጋር እንዳይቀላቀል። በውጭ በኩል ቂጡ አካባቢ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ካያችሁም እንደዚያው። ቀለሆቻችሁን በሳጥን ለዩና ስንት ጊዜ እንደተሞሉ ሳጥኑ ላይ ጻፉ።

ለአደን የሚሆነውን ቀለህ ሁልጊዜ በዳዩ ሙሉ ገላውን አስተካክላለሁ። አንገቱን ብቻ ማስተካከል ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ ሊሠራ ይችላል። የሌቨር እጀታ ግን ጠባብ ቀለህ በኃይል ወደ ጓዳው የመግፋት አቅሙ ትንሽ ነው። ደን ውስጥ ሁለተኛ ጥይት ስትፈልጉ ሌቨሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም ማየት አትፈልጉም። ትከሻውን ግን ጠመንጃችሁ በቀላሉ እስኪጎርሰው ድረስ ብቻ ግፉት። ቅባቱን ከሥራ በኋላ በደንብ ጥረጉ። ቅባት የቀረበት ቀለህ የጓዳውን ግድግዳ አይዝም፤ ግፊቱ ሁሉ መቀርቀሪያው ላይ ያርፋል።

የቀለሁ ርዝመት ጣሪያው 2.039 ኢንች ነው። እኔ ሁሉንም 2.029 ላይ እቆርጣቸዋለሁ። ሁሉንም እኩል ማድረግ ለሌቨር ጠመንጃ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል፤ የአፉ ቁንጥጫ የሚወሰነው በርዝመቱ ነውና። ፕራይመር ሲገባ ደግሞ ከቂጡ ወለል ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ሁሉንም አንድ በአንድ በጣቴ ዳስሼ ነው የማሳልፈው። ወጣ ያለ ፕራይመር በቱቦ ካዝና ውስጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከላይ ካልኩት ትረዳላችሁ።

ስለ ቁንጥጫው። አሜሪካኖቹ ክሪምፕ ይሉታል። የቀለሁ አፍ አረሩ ላይ ባለው ቀለበት ቦይ ውስጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለምን ያስፈልጋል? የካዝናው ስፕሪንግ ጥይቶቹን ያለማቋረጥ ይገፋል። ጠመንጃው በረገጠ ቁጥር ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አረሩ በደንብ ካልተያዘ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። የሰመጠ አረር የባሩዱን ቦታ ያጠባል፤ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል። ከልክ በላይ ከቆነጠጣችሁ በተቃራኒው የቀለሁ ትከሻ ያብጥና ጥይቱ አይጎርስም። እኔ አረሩን በአንድ ዳይ አስቀምጬ፣ ቁንጥጫውን በሌላ ዳይ ለብቻው እሠራለሁ። ጊዜ ይጨምራል፤ ግን ሁለቱን በአንድ ምት ከመሥራት ይልቅ ይበልጥ አንድ ዓይነት የሆነ ጥይት ይሰጣል።

ባሩድ ከመግዛታችሁ በፊት ባሩድም ፕራይመርም የሌለው የመሞከሪያ ጥይት ሥሩ። ቀለህና አረር ብቻ። እንዳይምታታ ፕራይመሩ የሚገባበትን ጉድጓድ ባዶ ተዉት፤ ጎኑን በማርከር ቀቡት። የ30-30 ሙሉ ጥይት ርዝመት ከ2.550 ኢንች መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከረዘመ ከካዝና ወደ ጓዳ የሚያነሳው መሣሪያ ላይ ይጋደማል። በጣም ካጠረም አመጋገቡ ይበላሻል። የመሞከሪያ ጥይቶቹን ካዝናው ውስጥ ሙሉና ሌቨሩን ቀስ ብላችሁም፣ ፈጥናችሁም አቀባብሉ። ከዚያ አውጥታችሁ እንደገና በካሊፐር ለኩ። አረሩ ከገባበት ቦታ ንቅንቅ ካላለ ቁንጥጫችሁ ይሠራል ማለት ነው። ይህ ሙከራ ምንም ባሩድ ሳያቃጥል የሥራውን ግማሽ ይጨርስላችኋል። እኔ በጣም የምወደውም የሥራ ክፍል ይህ ነው።

አሁን ባሩድ። የባሩድ መጠን ቁጥር እዚህ አልጽፍም። ቁጥሩ የሚወሰደው ከአረሩ ፋብሪካ መጽሐፍ ወይም ከባሩዱ ፋብሪካ መረጃ ነው፤ ከሁለቱም አይታችሁ ብታመሳክሩ ደግሞ የተሻለ ነው። ከጓደኛ፣ ከቪዲዮ፣ ከእንደኔ ያለ ጸሐፊ አትውሰዱ። ለ30-30 የሚስማሙ ባሩዶች ብዙ ናቸው። አይኤምአር 3031 የቆየ ወዳጅ ነው። ኤች 4895 ሙቀትና ብርድ ብዙ አይለዋውጠውም። ሆጅደን ከሆርናዲው ባለ ፕላስቲክ ጫፍ አረር ጋር ያያያዘው ሌቨርሬቮሉሽን የሚባል ባሩድ ደግሞ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። ሞክሬዋለሁ፤ ጥሩ ባሩድ ነው። እኔ ግን በምተኩስበት ርቀት ያ ትርፍ ፍጥነት ለውጥ ስለማያመጣልኝ ወደ ኤች 4895 ተመልሻለሁ። በነሐሴ የሠራሁት ጥይት በኅዳር ብርድ ያው ሆኖ መገኘቱ ይበልጥብኛል።

ቀለሁን ሞላ የሚያደርግ ባሩድ ምረጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በስህተት ሁለት ጊዜ ብትሞሉት ተርፎ ይፈስሳል፤ ወዲያው ታዩታላችሁ። ቢሆንም ሁሉንም ቀለሆች በመደርደሪያው ላይ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ አረር ከማስገባቴ በፊት በባትሪ እያበራሁ ውስጣቸውን አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይቀመጣል። የተረፈው ወደ ራሱ ዕቃ ይመለሳል። ሚዛኑ ከቬንትሌተርና ከስልክ ይራቅ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመፈተሻ ክብደት ይረጋገጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ባሩድ ግን ከፈሰሰ በኋላ ተለቅሞ ወደ ዕቃው አይመለስም፤ ይጣላል።

ሌላ አንድ ነገር። የፕራይመር ጥላሸት ውስጥ እርሳስ አለበት። ቀለህ ስታጸዱ አቧራው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቡና አይጠጣም፣ ቆሎ አይበላም፣ ሲጋራማ ጨርሶ አይታሰብም። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ምንጣፍ ባለበት ክፍል አትሥሩ፤ ልጆች የሚድሁበት ቤት ከሆነማ ጨርሶ። ባሩዱና ፕራይመሩ በየራሳቸው የፋብሪካ ዕቃ፣ ከሙቀት ርቀው፣ ልጅ በማይከፍተው ቁልፍ ሥር ይቀመጡ።

የመጽሐፉ መነሻ መጠን ላይ ትጀምራላችሁ። ከዚያ በግማሽ ግሬን እየጨመራችሁ፣ ከእያንዳንዱ መጠን ጥቂት ጥይት ትሠራላችሁ። ከመጽሐፉ ጣሪያ በታች ትቆማላችሁ። ጣሪያውን መንካት ግድ አይደለም።

እዚህ ላይ አዲስ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብዙዎች "ፕራይመሩ ሲጠፈጠፍ፣ ሌቨሩ ሲከብድ ያኔ አቆማለሁ" ይላሉ። ለ30-30 ይህ አይሠራም። የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ 42,000 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ፓውንድ) ነው። ለማነጻጸር፣ 308 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት 62,000 ይደርሳል። ፕራይመር የሚጠፈጠፈው ብዙ ጊዜ ከ30-30 ጣሪያ በጣም ከፍ ባለ ግፊት ላይ ነው። ምልክቱን ስታዩ ጠመንጃው ከተሠራበት ልክ አልፋችኋል። ስለዚህ የምታምኑት መጽሐፉንና የአረሩን ፍጥነት የሚለካውን መሣሪያ፣ ክሮኖግራፉን፣ ነው። የምትለኩት ፍጥነት መጽሐፉ ለዚያ አረርና ለዚያ የበርሜል ርዝመት ከሚለው ካለፈ፣ ግፊቱም አልፏል ማለት ነው። ነጻ ፍጥነት የሚባል የለም።

ተኩስ ሜዳ ላይ የምፈልገው ጠባብ ቡድን (ወረቀቱ ላይ ተቀራርበው ያረፉ ምቶች) ብቻ አይደለም። የሌቨር ጠመንጃ በርሜል ቀጭን ነው፤ ካዝናውና እንጨቱም በቀለበት ታስረውበታል። ሲሞቅ የመምቻ ቦታው ይንሸራተታል። አምስት ጥይት ደራርቦ ተኩሶ "ይህ ጥይት አይረባም" ማለት ልክ አይደለም። በርሜሉ ይቀዝቅዝ። እኔ አንድ ወረቀት ለይቼ አስቀምጫለሁ። በየሄድኩበት ቀን የመጀመሪያውን፣ የቀዝቃዛ በርሜል ተኩስ እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ እተኩሳለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦርሳ እመልሰዋለሁ። ሳምንታት ሲያልፉ ያ ወረቀት ስለ ጥይቱ ከማንኛውም ቡድን ይበልጥ ይነግራችኋል። አጋዘን ላይ የምትተኩሱት ያንን ተኩስ ነውና።

የአሸዋ ከረጢቱን ከእንጨቱ ሥር፣ ወደ ጠመንጃው አካል ጠጋ አድርጉት። በርሜሉ ወይም የካዝናው ጫፍ ላይ ካስደገፋችሁ የመምቻ ቦታው ይለወጣል። ካዝናው ሙሉ ሲሆንና ባዶ ሲሆንም ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ በራሳችሁ ጠመንጃ ሞክሩት። በቀዳዳ ማነጣጠሪያ በ100 ያርድ ሁለት ኢንች ውስጥ የሚቀመጥ ጥይት ካገኛችሁ ለደን አደን ይበቃል። ሌላ ባሩድ ፍለጋ ገንዘብ ከማውጣት ተነስታችሁ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁ ተለማመዱ።

የመረጣችሁትን ጥይት ብርድ ሲገባ አንድ ጊዜ ደግማችሁ በክሮኖግራፍ ለኩት። ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። በጣም ከቀነሰ የአረሩን መከፈቻ ፍጥነት ተመልከቱና የርቀት ወሰናችሁን አሳጥሩ። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ደግሞ የአረሩን ዓይነትና ክብደት፣ የባሩዱን ስምና መጠን፣ የፕራይመሩን ዓይነት፣ ቀኑን ጻፉ። ጽሑፍ የሌለበትን ጥይት እኔ አልተኩስም፤ የሌላ ሰው የሞላውንም አልተኩስም፤ የሞላሁትንም ለሌላ ሰው አልሰጥም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሥጋው ነው። ለእኛ ቤት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የእርሳስ አረር እንስሳው ውስጥ ሲከፈት ይሰባበራል። ትንንሾቹ ብናኞች ከቁስሉ ርቀው ይሄዳሉ፤ በዓይን አይታዩም። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና ባለሥልጣናት ለድሆች የተለገሰ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ በመገኘቱ ሥጋው እንዲጣል መክረው ነበር። እርሳስ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ጨርሳ ከልክላለች፤ እዚያ ያላችሁ ምርጫ የላችሁም። እኔ ሕግ ሳያስገድደኝ፣ ልጆች ስላሉኝ ወደ መዳብ አረር ዞሬያለሁ። ባርንስ ለ30-30 የሠራው ጫፈ ጠፍጣፋ፣ ባለ 150 ግሬን የመዳብ አረር አለ።

መዳብ ከእርሳስ ቀላል ነው። በተመሳሳይ ክብደት አረሩ ይረዝማል፤ ቀለሁ ውስጥም ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የእርሳሱን አረር የባሩድ መጠን ለመዳቡ መጠቀም አደገኛ ነው። ለመዳቡ የተጻፈውን ብቻ ፈልጉ፤ ሥራውንም ከመነሻው ጀምሩ። መዳብ ለመከፈት ከእርሳስ የበለጠ ፍጥነት ስለሚፈልግ፣ በክሮኖግራፍ የለካችሁትን ይዛችሁ አረሩ እስከ ስንት ያርድ እንደሚከፈት አስሉ። በእርሳስ የምትቀጥሉ ደግሞ ከቁስሉ ዙሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ። አጥንት የመታ ከሆነ ይበልጥ አስፉት። ወደ ሥጋ ቤት ከወሰዳችሁት የራሳችሁን አጋዘን ለብቻው እንዲፈጭላችሁ ጠይቁ፤ ከሌላ ሰው አጋዘን ጋር ከተቀላቀለ የእናንተ መዳብ ዋጋ የለውም።

የአጋዘን ክትፎ በጥሬው እንበላለን የሚሉ ወንድሞች አሉ። እባካችሁ ተዉት። የዱር እንስሳ ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሲደብሊውዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ ከ2009 ጀምሮ በፍሬድሪክ ካውንቲና አካባቢው ተገኝቷል። በሽታው ካለበት አካባቢ የታደነ ከሆነ ናሙና ሰጥታችሁ ውጤቱን ጠብቁ። ማብሰል ይህን በሽታ አያጠፋውም፤ ስለዚህ በሽታው የተገኘበት ሥጋ አይበላም። ነጻ ከሆነ ጥብሱ ግሩም ነው። ስብ ስለሌለው ንጥር ቅቤ በደንብ ይፈልጋል።

ኦርቶዶክስ የሆናችሁ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት እንስሳት መካከል ዋላና ሚዳቋ ተጠርተዋል። በጥይት ስለወደቀ እንስሳ ግን እያንዳንዱ ከአባቱ ቢሰማ ይሻላል። ሙስሊም ጓደኞቼ ቃታ ከመሳባቸው በፊት ቢስሚላህ ይላሉ። የቀን መቁጠሪያውንም ተመልከቱ። የቨርጂኒያ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 አካባቢ ይገባል። በመካከሉ አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ አለ። እኛ ቤት ከመክፈቻው ቅዳሜ በፊት ፍሪዘሩ ባዶ ይደረጋል፤ የሥጋ ቤቱም ቀጠሮ ይያዛል። ሥጋው በየአንድ ወጥ መጠን ተከፋፍሎ፣ ቀኑና የምርመራው ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጣል። ውጤቱ ነጻ ነው ተብሎ ሲመጣ ለገና ይወጣል።